የአውስትራሊያ ቁርስ ከየት መጣ?

ብዙዎቻችሁ አቮካዶ በሹካ አድቅቃችሁ፣ ሎሚ ጨምቃችሁ፣ የተጠበሰ ዳቦ ላይ ቀብታችሁ፣ ከላዩ እንቁላል አስቀምጣችሁ ለማዳም አቅርባችኋል። አገራችን አቮካዶ የሚታወቀው ጁስ ቤት ነው፤ ከማንጎ ጋር ስፕሪስ ተደርጎ በማንኪያ ይበላል። ዳቦ ላይ መቀባቱን የተማርነው ሰው ቤት ስንገባ ነው። ይህ ቁርስ ግን የዓረብ አይደለም፤ ስሙ የገነነው በአውስትራሊያ ካፌዎች ነው። ዛሬ የማወራችሁ የነዚያን ካፌዎች ታሪክ ነው። የምግብ ወሬ ምን ያደርግልናል እንዳትሉኝ፤ ውስጡ የእረፍት ቀንና የደመወዝ ነገር አለበት። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሰው ቁርሱን ውጭ ወጥቶ ለመብላት ከገንዘቡም በፊት የራሱ የሆነ ጠዋት ያስፈልገዋል። አውስትራሊያ ውስጥ ያ ጠዋት ዝም ብሎ አልመጣም። ኤፕሪል 21 ቀን 1856 ሜልቦርን ከተማ የዩኒቨርሲቲ ሕንጻ የሚሰሩ ድንጋይ ጠራቢዎች መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወደ ፓርላማ በሰልፍ ሄዱ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ስራው በቀን ስምንት ሰዓት ይሁን፣ ደመወዛችን ግን እንዳይነካ። ስምንት ሰዓት ለስራ፣ ስምንት ሰዓት ለእንቅልፍ፣ ስምንት ሰዓት ለራስ ማለት ነው። አገኙት። ሜልቦርን ውስጥ ለዚህ ማስታወሻ የቆመ ሐውልት አለ፤ አናቱ ላይ ሦስት ስምንት ቁጥሮች ተጽፈውበታል።

ያኔም ቢሆን ሳምንቱ ስድስት የስራ ቀን ነበረው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚለው ሕግ በመላ አገሪቱ የጸናው ከጃንዋሪ 1948 ጀምሮ ነው። ለብዙው ሰራተኛ ቅዳሜም እንደ እሁድ ነጻ ሆነ። አስቡት፣ ከስምንት ሰዓቱ እስከ ሁለቱ የእረፍት ቀናት 92 ዓመት ፈጅቷል። ያ ሁሉ ጊዜ ያለፈው በመጠየቅ፣ በመደራጀት፣ በፍርድ ቤት በመከራከር ነው።

ቡናውን ያመጡት ደግሞ ስደተኞች ናቸው። የድሮ አውስትራሊያዊ ቁርሱን የሚበላው ቤቱ ነበር፤ ሻይ፣ ዳቦ፣ እንቁላልና ስጋ። ከ1923 ጀምሮ ቬጂማይት የሚባል ጥቁር ጨዋማ ቅባት ዳቦ ላይ መቀባት ለመዱ። መጠጥ ቤቶቹ በ1916 በወጣ ሕግ ምክንያት በትልልቆቹ ከተሞች ከማታው 12 ሰዓት ላይ ይዘጉ ነበር። ይህ ሕግ በሲድኒ በኩል እስከ 1955፣ በሜልቦርን በኩል እስከ 1966 ቆይቷል። ሰው ተቀምጦ የሚያወራበት ሌላ ቦታ ሲፈልግ፣ ቦታውን ከከፈቱለት ሰዎች ብዙዎቹ የግሪክና የኢጣሊያ ስደተኞች ነበሩ። በ1932 አንድ የግሪክ ስደተኛ ሲድኒ መሀል ከተማ የወተት መጠጥ ቤት ከፈተ፤ ነገሩ በአገሩ ሁሉ ተዛመተ። በ1954 ደግሞ ሁለት የኢጣሊያ ወንድማማቾች ሜልቦርን ቦርክ መንገድ ላይ ፔሌግሪኒ የተባለውን ኤስፕሬሶ ቤት ከፈቱ። እስከ ዘመናችን ድረስ ሲሰራ ቆይቷል።

እነዚህን ስደተኞች ያኔ ማንም በአበባ አልተቀበላቸውም። በነጭ ሽንኩርታቸው ይሳቅባቸው፣ በአነጋገራቸው ይሰደቡ ነበር። እንደኛ ያለ ጥቁር ሰው ግን ጭራሽ ደጁም አይደርስም። በ1901 የወጣው ሕግ አውሮፓዊ ያልሆነ ሰው እንዳይገባ ይከለክል ነበር፤ ያ ፖሊሲ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1973 ነው። ዛሬ ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ብትሄዱ የኛ ሰዎች ምግብ ቤት ከፍተው እንጀራ ይሸጣሉ። የይርጋጨፌና የሲዳማ ቡናም በስማቸው ተጠርተው በካፌዎች ይቀዳሉ።

አሁን ወደ አቮካዶው እንምጣ። በ1993 ቢል ግሬንጀር የተባለ የ24 ዓመት ወጣት ሲድኒ ዳርሊንግኸርስት ሰፈር ማዕዘን ላይ አንድ ካፌ ከፈተ። ምግብ አሰራር በትምህርት ቤት አልተማረም፤ የሥዕል ትምህርት ጀምሮ የተወ ልጅ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ማታ እንዳይሰራ ከለከለው፣ የወንበሩንም ቁጥር ወሰነበት። እሱ ግን ክልከላውን ወደ ጥቅም ለወጠው። ጉልበቱን ሁሉ ቁርስ ላይ አደረገ፤ መሀል ላይ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አስቀምጦ የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው እንዲበሉ አደረገ። በክሬም የተሰራ እንቁላል፣ እንደኛ አይብ ያለ ሪኮታ የገባበት ፓንኬክ፣ ዳቦ ላይ የተቀባ አቮካዶ ያቀርብ ነበር። አቮካዶ በዳቦ ከሱ በፊትም የሚበላ ሰው ነበር፤ ካፌ ሜኑ ላይ ጽፎ ዝናውን ያወጣለት ግን እሱ ነው ይባላል። ከዚያ ቶኪዮና ለንደንም ከፈተ። በዲሴምበር 2023 በገና ቀን በ54 ዓመቱ አረፈ።

ዋጋውም አብሮ ወጣ። በ2016 አንድ የአውስትራሊያ ጋዜጣ አምደኛ፣ ወጣቶች ለአቮካዶ ቁርስ 22 ዶላር ከሚከፍሉ ለቤት መግዣ ቢቆጥቡ አይሻልም ወይ ብሎ ጻፈና አገሩ ሁሉ ተከራከረበት። ለዋጋው መወደድ አንዱ ምክንያት አስተናጋጁ በሕግ የተወሰነ ደመወዝ ያለው መሆኑ ነው። እሁድ ሲሰራ ከተራው ቀን በላይ ይከፈለዋል። በ2017 ይህ የእሁድ ክፍያ ለቋሚ የሆቴልና የመስተንግዶ ሰራተኞች ቀስ በቀስ እንዲቀነስ ተወስኖ ብዙ ቁጣ ተነስቷል፤ ከቅነሳው በኋላ እንኳን የተራው ቀን አንድ ተኩል እጥፍ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ጥሩ ጥሩውን ነው። የሰው ቤት ሰራተኛዋስ? ድንጋይ ጠራቢዎቹ ያገኙት ስምንት ሰዓት ወደ ማድ ቤቷ አልገባም። ከሁሉ የባሰው የደረሰው በአገሩ ተወላጆች፣ በአቦርጂናል ልጃገረዶች ላይ ነው። መንግሥት ከእናቶቻቸው እየወሰደ ኩታመንድራ በሚባል ከተማ ባለ ማሰልጠኛ ያስገባቸው ነበር። እዚያ ጽዳትና ምግብ ማብሰል ተምረው በ14 ዓመት አካባቢ ነጮች ቤት ይላካሉ። ቤቱ በ1912 ገደማ ተከፍቶ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ቆይቷል። ለልጅቷ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጣታል፤ ዋናው ደመወዝ «ይቀመጥልሻል» ተብሎ በመንግሥት እጅ ይገባል። ብዙዎቹ ያን ገንዘብ ሳያዩት አረጁ፣ ሳያዩትም ሞቱ። «ይቀመጥልሻል» የሚለው ቃል ከኛ መሀል ለስንቱ እንግዳ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ነገሩ ግን ተቀብሮ አልቀረም። «የተሰረቀ ደመወዝ» ተብሎ ስም ወጣለትና ሽማግሌዎችና ልጆቻቸው ከሰሱ። በኩዊንስላንድ ግዛት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች የተካተቱበት ክስ በ2019 በ190 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ደግሞ በአውስትራሊያ ሆን ብሎ የሰራተኛ ደመወዝ ማስቀረት ወንጀል ነው። ብዙ ሰዎችን ያስቸገራቸው ግን መረጃ ነበር። መዝገቡ የነበረው በባለሥልጣኑ እጅ ነው፤ ጎድሏል፣ ጠፍቷል። ስንት ወር እንደሰራች የምታውቅ ሴት የምታሳየው ወረቀት አልነበራትም።

ስለዚህ እባካችሁ የራሳችሁን መዝገብ ያዙ። ደመወዝ የተቀበላችሁበትን ቀንና ልኩን፣ ያልተከፈለውን ወር፣ የወጣችሁበትንና የተከለከላችሁትን የእረፍት ቀን በደብተር ጻፉ። ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ሰው ላኩ፤ ስልክ ሊቀማ ይችላል። ገንዘብ የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ። በ2011 ጄኔቭ ላይ የጸደቀው 189ኛው የዓለም ስራ ድርጅት ስምምነት ለቤት ሰራተኛ በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት እረፍት ይላል። ብዙ የዓረብ መንግሥታት አልፈረሙትም፤ ቢሆንም የኩዌት የ2015 ሕግ የሳምንት እረፍት ቀን ይፈቅዳል። ያላችሁበት አገር ሕግ ምን እንደሚል የማህበራችንን ልጆች ጠይቁ፤ ኮንትራታችሁንም አስነብቡ።

የእረፍት ቀን ያላችሁ ደግሞ ቁርሳችሁን ተሰብስባችሁ ብሉ። ፉልም ይሁን ፍርፍር፣ ቡናው ይፈላ። መውጣት ላልተፈቀደላት እህት ደውሉላት፤ የደመወዟን ቀን ጠይቃችሁ እሷ መጻፍ ካልቻለች እናንተ ጻፉላት።