«ቀለበት»፣ «አደባባይ»፣ «ማዶ»፦ ከተማን የከፈለ መንገድ በቃላት ላይ የተወው ታሪክ

በጁባ ብዙ የሰፈር ስሞች «ሐይ» በሚል የዐረብኛ ቃል ይጀምራሉ፤ ሐይ ማላካልና ሐይ ሲኒማ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። ቃሉ በዐረብኛ «ሰፈር» ማለት ሲሆን «ሕያው» የሚል ፍችም አለው፤ በዚህኛው ፍችው ከግእዙ «ሕያው» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ታዲያ ሰፈርን ለሁለት የሚከፍል አውራ ጎዳና ሲሠራ፣ በኋላም ሲፈርስ፣ የነዋሪው ቋንቋ ምን ይሆናል? ጥያቄው እ.ኤ.አ. ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ በፍጥነት እየሰፋች ለመጣችው ጁባ የነገ፣ ለአዲስ አበባ ግን የትናንት ነው።

የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ግንባታ እ.ኤ.አ. በ1998 ተጀመረ። ዓላማው ተሽከርካሪ መሀል ከተማውን ሳያጨናንቅ ዙሪያውን እንዲያልፍ ነበር። ከተማዋ ግን መንገዱን ተሻግራ ሰፋች፤ ዳር የነበረውም መሀል ሆነ። በግንብና በአጥር በመከለሉ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው በተራራቁ የእግረኛ ድልድዮች ሆነ።

ይህን ታሪክ ቃላቱ ይመሰክራሉ። «ቀለበት» በባህላችን የቃል ኪዳን ማሰሪያ ነው፤ ከባዕድ ቋንቋ በትርጉም የመጣው «ቀለበት መንገድ» ግን ለያይቷል። «አደባባይ» ሕዝብ የሚሰበሰብበትና ዳኝነት የሚታይበት ስፍራ ነበር፤ ዛሬ መኪና የሚዞርበት፣ እግረኛ የማይቆምበት ክብ ስፍራም በዚሁ ስም ይጠራል። የጎተራው «ማሳለጫ» የተሰየመው ለአሽከርካሪው በሚሰጠው ምቾት ነው፤ የእግረኛው ድካም በስሙ ውስጥ ቦታ የለውም። ለወንዝና ለሸለቆ ይነገር የነበረው «ማዶ» ደግሞ «ከመንገዱ ማዶ» ተብሎ አስፋልቱን በወንዝ ቦታ አስቀምጦታል።

የመፍረሱን ታሪክ ከሴኡል እናገኛለን። ስሙ «የጠራ ውሃ ጅረት» ማለት የሆነው ቸንግየቸን በኮንክሪት ተሸፍኖ በላዩ ከፍ ያለ አውራ ጎዳና ተሠራበት። ጎዳናው ራሱ በጅረቱ ስም ይጠራ ስለ ነበር፣ ውሃው ከዓይን ቢጠፋም ስሙ ከአንደበት አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጎዳናው መፍረስ ጀመረ፤ በ2005 ጅረቱ ዳግም ተከፈተ። ይሁን እንጂ ከውሃው አብዛኛው በፓምፕ የሚመጣ ነው፤ በስፍራው ይነግዱ የነበሩ ብዙ ሰዎችም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ስም ቦታን ያስታውሳል፤ ብቻውን ግን ሰውን አይመልስም።

ከዚህ የምንረዳው፣ የቋንቋ አጥኚ ሥራ ከመሐንዲሱ መቅደም እንዳለበት ነው። የሰፈር፣ የጅረት፣ የመሻገሪያና የአቋራጭ ስሞች አስፋልት ሳይነጠፍ ከነዋሪው አንደበት ሊመዘገቡ ይገባል። ይህ ከሆነ አንድ ቀን መንገዱ ሲነሣ፣ ምን ከምን ጋር ተለያይቶ እንደ ነበር የሚናገር መዝገብ ይኖራል፤ ካልሆነ ግን ለሁለቱም ወገን የሚቀረው የጋራ ስም «ማዶ» ብቻ ይሆናል።