የእነሴ ሁለት እጅና ሲሶ

በጎጃም ከሞጣ ተነስቶ ወደ ግንደ ወይን የሚሄድ ሰው ከአንድ ወረዳ ወጥቶ ሌላ ወረዳ ይገባል። የሞጣ ዙሪያ ሁለት እጁ እነሴ ይባላል፤ ግንደ ወይን ያለችበት ደግሞ ጎንቻ ሲሶ እነሴ። ስሞቹን በማኅተምና በደብዳቤ ራስጌ ለየብቻ ስናያቸው የአስተዳደር ስም ብቻ ይመስሉናል። ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነባቸው ግን የአንድ አገር ክፍፍል ውል ናቸው።

«እጅ» እዚህ ላይ ድርሻ ነው። አንዲት እናት የእንጀራ እህል ስታሰናዳ «ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ገብስ» ካለች፣ ከሦስት ቁና ሁለቱ ጤፍ ይሁን ማለቷ ነው። ሲሶም ከሦስት አንድ ነው፤ የጥንቱ ሥርዓት ምድሩን ለነጋሽ፣ ለቀዳሽና ለአራሽ ሲሶ ሲሶ እያደረገ ያካፍል ነበር ሲባል የምንሰማው ቃል ነው። ሁለት እጁ ሞጣ ላይ፣ ሲሶው ጎንቻ ላይ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሙሉ እነሴ ይሆናሉ። እንዲህ የተካፈለ አገር በስሙ ውስጥ ሒሳቡን ይዞ ይኖራል።

«እነሴ» የሚለው ራሱስ? ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለውን አገር ስም እንጥራ፤ እነሴ፣ እነብሴ፣ እናርጅ፣ እናውጋ፣ እነማይ። መርጡለ ማርያም የእነብሴ ሳር ምድር፣ ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ፣ ቢቸና የእነማይ ከተማ ናቸው። አምስቱም ስሞች በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ። ዛሬም መንገድ የጠፋበትን እንግዳ «እነ አለሙ ቤት እስክትደርስ ሂድ» ብለን እናመላክተዋለን። «እነ» ስንል አለሙን ብቻ አንጠራም፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ደጁን ጭምር እንጠራለን። እኔ እነዚህን የአገር ስሞች የማነባቸው በዚሁ መንገድ ነው፤ ቤተሰብን የሚጠራ ቃል በምድር ላይ ረግቶ የቀረበት አድርጌ። ቃልን ሰባብሮ ታሪክ መፍጠር ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ቢቸናን «ብቻ ና» ብሎ ሰብሮ ተረት ማቆም ማንም ይችላል። አንድ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አምስት ጎረቤታሞች በአንድ ቃል ሲጀምሩ ግን ጆሮ መስጠት ተገቢ ነው።

የሰው ስምና የመሬት ስም እንዴት እንደሚገናኙ ለመረዳት የእንግሊዞችን የቤተ ዘመድ ስም ማየት ይጠቅማል። ጎጃም አንዱን ስም በደንብ ያውቀዋል፤ ዊንጌት። ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ጌዴዎን የተባለውን ጦር እየመራ ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም ተዋጋ፤ አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤትም በስሙ ተጠርቷል። ዊንጌት ግን በመጀመሪያ የሰው ስም አልነበረም፤ በሰሜን እንግሊዝ ያለ የመንደር ስም ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ነፋስ የሚያልፍበት በር ማለት ነው፤ እኛ ጋይንት ላይ ነፋስ መውጫ እንደምንለው። ኖርማኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ጌቶቹ በያዙት መሬት ስም መጠራት ጀመሩ፤ ልማዱም ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሕዝብ ወረደ። በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ አብዛኛው እንግሊዛዊ ለልጅ የሚተላለፍ ስም ነበረው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የዋሽንግተን ስምም ከዚያው ከሰሜን እንግሊዝ መንደር የመጣ ነው። እዚያ የመሬት ስም ሰው ላይ ወጣ፤ ሰውዬው መንደሩን ትቶ ባሕር ሲሻገርም ስሙን ይዞት ሄደ።

በእኛ ዘንድ የሆነው ተቃራኒው ነው። የሰው ስም መሬት ላይ ወረደ። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የጎጃምን ርስት ሲያጠና፣ መሬቱ በመጀመሪያ ባቀናው ዋና አባት ስም ተጠርቶ፣ ቁራጩም በልጆቹ ስም ተከፋፍሎ አገኘው። ርስት የሚጠይቅ ሰው ዳኞች ፊት ቆሞ ከራሱ እስከ ዋናው አባት ድረስ ትውልዱን ይቆጥር ነበር፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ። አንድ ስም ከዘለለ ሙግቱ ሊወድቅበት ይችል ነበር። ቆጠራው ደግሞ በአባት በኩል ብቻ አልነበረም። በእናትም፣ በእናት እናትም ርስት ይገኛል።

ፍሬ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የቤተ ዘመድ ስም አንድ መስመር ብቻ ይሸከማል፤ የአባትን። የጎጃም ገበሬ ግን በስምንቱም ቅድመ አያቶቹ በኩል የሚጠይቀው መሬት ሊኖረው ይችላል። የትኛውን ስም ይሸከም? አንዱን ቢይዝ ሰባቱን ይጥላል። ስለዚህ ስሞቹ ሁሉ በየመሬታቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ብቻ እየተጠራ ሌሎቹን በቃሉ ያዛቸው። ሴት ልጅም ስታገባ ስሟን የማትለውጠው የአባቷ ልጅነት ከርስቷ ጋር ስለሚሄድ ነው ብል ከእውነት አልርቅም።

ሕጋችን ግን በአንድ ወቅት ሌላ መንገድ መርጦ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጹ ወረቀት ላይ ቀረ፤ አገሬው በለመደው ቀጠለ። በ1960 ዓ.ም. አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ የጎጃም ገበሬ ሲነሳ፣ ሞጣና ቢቸናም ከተነሱት መካከል ነበሩ፤ ሥጋታቸው ርስታችን ይነካል የሚል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ርስት በሕግ አበቃ። ትውልድ መቁጠሩ በጋብቻ ጊዜ ሰባት ቤት ለማየት ካልሆነ በቀር ግድ የሚል አልሆነም። መሬቶቹ ግን ስማቸውን አልጣሉም።

ዛሬ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስም ይጽፋል፤ ማሳው በምሥራቅና በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ይናገራል። ማሳው በማን ስም እንደሚጠራ፣ ያ ሰው የማን ልጅ እንደነበረ ግን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ናቸው። ቢቸና ወይም ሞጣ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ለመጪው በዓል ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ከቤቱ ታላቅ አጠገብ ተቀመጡና የእያንዳንዱን ማሳ፣ የእያንዳንዱን ጉብታና ወንዝ ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። እንግሊዛዊ የአያቱን አገር ከራሱ ስም ላይ ያነበዋል፤ የእኛ አያቶች ስም ያለው ግን መሬቱ ላይ ነው፤ የሚያነበው ሰው ካለፈ የሚተካው መዝገብ የለም።