ከድምፁ ሥር ያለው ድምፅ፦ የመብራት ጉርምርምታና የካሴት ሰነዶቻችን



የታሪክ መምህር ስለ ቴፕና ስለ አምፕሊፋየር ምን አገባው ብትሉ አልፈርድባችሁም። ነገሩ የጀመረው ግን ከታሪክ ሥራ ነው። ከዓመታት በፊት ከአዛውንቶች ጋር የተደረጉ ቃለ መጠይቆችን ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ቤቴ ውስጥ ስገለብጥ፣ ከተናጋሪዎቹ ድምፅ ሥር «እምምም» የሚል የማያቋርጥ ጉርምርምታ ይሰማኝ ነበር። ሙያተኞች «ሀም» ይሉታል። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ይህ ድምፅ የካሴቱ ነው ወይስ የቤቴ? የካሴቱ ከሆነ የምንጩ አካል ስለሆነ ልነካው አይገባም። የቤቴ ከሆነ ግን እኔው ራሴ በሰነዱ ላይ ያሳረፍሁት እድፍ ነው።

በአገራችን ከሶኬት የሚወጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ቁጥር የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የታሪክ ውርስ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጀርመኑ አ.ኤ.ጌ. ኩባንያ 50ን ሲመርጥ የአሜሪካው ዌስቲንግሀውስ 60ን መረጠ፤ አውሮፓ የመጀመሪያውን ተከተለች፤ እኛም ከዚያው ወገን ሆንን። ስለዚህ የነቀምቴ ቤት ጉርምርምታ በፒያኖ ቢለካ ከታችኛው «ሶል» ጥቂት ከፍ ይላል፤ የኒውዮርኩ ቤት ደግሞ ከዚያ ቀጠን ያለ ነው።

ጉርምርምታው ሁልጊዜ አብሮን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1963 ብስራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር፣ መብራት ባልገባበት ገጠር ሬዲዮ የሚሰማው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ባትሪ አይመላለስም፤ ስለዚህም አያጉረመርምም። ሽውታና ጩኸት ከአየሩ ይመጣ ይሆናል፤ «እምምም» ግን አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ኃይል ማመንጫ በ100 ሜጋ ዋት ሥራ ሲጀምር፣ ወለጋ ራሱ የኤሌክትሪክ ምንጭ ሆነ። ግድቡ የጮመንን ረግረግና የግጦሽ መሬት በውሃ መሸፈኑን ታስታውሳላችሁ፤ የዚያን ዋጋ በሌላ ንግግር አነሣዋለሁ። እዚህ ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽቦው የደረሰበት ቤት ሁሉ ያንን የ50 ድምፅ አብሮ ተቀብሏል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። የመጀመሪያው ፈተና ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ካሴቱን አቁሞ ማዳመጥ። ቴፑ ቆሞ ጉርምርምታው ከቀጠለ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። የእኔው ቀጠለ። ቀጥሎ የድምፅ መጠኑን ዝቅ አደረግሁ፤ አብሮ ዝቅ አለ። ዝቅ ባይል ኖሮ የምጠረጥረው አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያረጁትን ትልልቅ ካፓሲተሮች ነበር፤ እነሱ ሲደክሙ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ እጥፉ፣ ማለትም 100 ነው። ከዚያ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቀልሁ። የኮምፒውተሩ ገመድ ሲነቀል ክፍሉ ጸጥ አለ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አምፕሊፋየሩ በአንድ ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ሶኬት ነበሩ፤ ሁለቱም ከመሬት ሽቦ ጋር ተገናኝተዋል። በሁለቱ የመሬት ነጥቦች መካከል ትንሽ የቮልት ልዩነት ስላለ፣ በድምፅ ገመዱ ሽፋን በኩል ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ያ ዙረት ነው የሚያጉረመርመው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት አልሸሽግም። አንድ ጠጋኝ የአምፕሊፋየሩን የመሬት ሽቦ እንድቆርጠው መከረኝ፤ ቆረጥሁት። ጉርምርምታው በደቂቃ ጠፋ፤ እኔም እጅግ ተደሰትሁ። ከሳምንታት በኋላ ልጄ ገና በተወለወለው ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግሯን ቆማ የአምፕሊፋየሩን ቆርቆሮ ነካች፤ ጮኻ ወደ ኋላ ተወረወረች። እግዚአብሔር ይመስገን ክፉ አልሆነም። ከመሣሪያው ያፈተለከው ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን መንገድ የዘጋሁት እኔ ነበርሁ። በዚያው ቀን ሽቦውን መልሼ አስቀጠልሁ፤ ሁለቱንም መሣሪያዎች በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካሁ፤ የቀረችውን ጥቂት ጉርምርምታ ደግሞ በድምፅ ገመዱ መካከል የገባች ትንሽ ትራንስፎርመር አጠፋችልኝ። ድምፁ በማግኔት ይሻገራል፤ መሬቶቹ ግን አይገናኙም።

ቤቴ ጸጥ ካለ በኋላ ነው ካሴቶቹን በእውነት መስማት የጀመርሁት።

(የድምፅ ናሙና ተሰማ)

የሰማችሁት የአንድ ካሴት ሁለት ገጽ ነው። መግለጫው ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ የገጠር ቤት እንደተቀዱ ይናገራል። በአንደኛው ገጽ ዶሮ ይጮኻል፣ ጎረቤት ይገባል፣ አዛውንቱ ስለ መሬት ጉዳይ ሳይሳቀቁ ያወራሉ፤ ጉርምርምታ የለም። በሁለተኛው ገጽ እኚያው ሰው አጠር አጠር እያደረጉ ይመልሳሉ፤ ከሥራቸውም «እምምም» አለ። ቴፑን ሳቆመው ይጠፋል፤ ስለዚህ ካሴቱ ላይ ያለ ነው። ወደዚያ መንደር መብራት የገባው ደግሞ ከቀረጻው ብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጄነሬተር ይሆን ብዬ ነበር፤ የሞተር ድምፅ ግን አይሰማም።

ሮማንያዊው ካታሊን ግሪጎራስ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዳሳየው፣ የመብራቱ ድግግሞሽ በየቅጽበቱ ጥቂት ስለሚዋዥቅ ከተመዘገበ የኃይል መስመር ታሪክ ጋር አመሳክሮ የቀረጻን ጊዜ ማወቅ ይቻላል። ለእኛ ካሴት ይህ አይሠራም፤ የርካሽ ቴፕ ሞተር ፍጥነቱ ራሱ ይዋዥቃልና። ለእኔ ግን ጊዜው ሳይሆን ቦታው በቂ ነበር። አዛውንቱ የሁለተኛውን ገጽ የተናገሩት በቤታቸው፣ በጎረቤቶቻቸው መካከል አልነበረም። መብራት ባለበት ሌላ ስፍራ ነው የተናገሩት። ከፊታቸው ማን ተቀምጦ እንደነበር ድምፁ አይነግረንም። እኔ ግን ሁለቱን ገጾች እንደ አንድ ምስክርነት አድርጌ አንድ ጽሑፍ ላይ ጠቅሻቸው ነበር፤ ያንን ጥቅስ አሁን አርሜዋለሁ። የካሴቱም መግለጫ «ሁለተኛው ገጽ፦ ቦታው ያልታወቀ፣ መብራት ያለበት» ተብሎ ተስተካክሏል። ቅጂውን ለማጽዳት የሚያስችል ሶፍትዌር አለኝ፤ አላጸዳሁትም።