ትከሻና ሰደፍ

ለጀማሪ ተኳሽ የሚመች የመጀመሪያ ጠመንጃ የትኛው ነው?

ጥያቄው ለዛሬ የዒላማ ስፖርት አሠልጣኝ ቢቀርብ መልሱ አጭር ነው። ክብደቱ ከያዡ አቅም ያላለፈ፣ ሰደፉ ከክንዱ ጋር ልክ የሆነ፣ ሲተኮስ ትከሻ የማይመታ፣ ጥይቱም ርካሽ የሆነ። ያው ጥያቄ ለታሪካችን ቢቀርብ ግን መልሱ ይረዝማል፤ ምክንያቱም በአገራችን ለብዙ ዘመን ጠመንጃን የመረጠ ሰው ጥቂት ነበር። የቀረው የደረሰውን ያዘ፤ የያዘውንም እስኪለምደው ድረስ ትከሻው ከፈለ።

አስቀድመን የነገሩን ባሕርይ እንመልከት። ዓረሩ ወደ ፊት የተወነጨፈበት ኃይል ሰደፉን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ዓረሩ በከበደና በፈጠነ፣ ባሩዱም በበዛ መጠን ምቱ ይበረታል፤ ጠመንጃው ራሱ በከበደ መጠን ደግሞ ይለዝባል። ልምድ ያለው ሰው ሰደፉን ከትከሻው ጉድጓድ አጥብቆ ስለሚይዝ ምቱን በመላ አካሉ ይቀበለዋል። ጀማሪው ግን ገና ስለሚፈራው ያላላዋል፤ ስላላላውም ይበልጥ ይመታዋል። አንድ ጊዜ የተመታ ሰው በሁለተኛው ተኩስ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰበስባል፣ አፈሙዙም ከዒላማው ይርቃል። ይህን ፈሪነት ማለት ስሕተት ነው። ሰውነቱ ከአንድ ቀን ሕመም የቀሰመው ትምህርት ነው፤ እንዲህ ያለውን ትምህርት ለማስረሳት ደግሞ ከማስተማሩ ይልቅ ብዙ ድካም ይጠይቃል። የመጀመሪያው ጠመንጃ ምርጫ ቁም ነገር የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በ1879 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1887፣ በዓለም ሁለት ጫፍ ሁለት ነገሮች ሆኑ። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት የስቲቨንስ ጠመንጃ ፋብሪካ «ካሊበር ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል» የተባለችውን ትንሽ ጥይት አወጣ። የዓረሯ ክብደት ከ3 ግራም ያንሳል፤ ምቷ ለሕፃን ትከሻ እንኳ የሚከብድ አይደለም። እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር ተኩስን የሚማር ሰው በአብዛኛው የሚጀምረው በእርሷ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር መግቢያ ላይ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ግመሎቹን ጠመንጃ አስጭኖ፣ አንኮበር ገባ። ነጋዴው አርተር ራምቦ ነበር፤ በሃያዎቹ ዕድሜው መግቢያ ላይ ግጥም መጻፉን ያቆመው ራምቦ።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ስለ ራምቦ ዝምታ ብዙ ጽፈዋል። ስለ ጭነቱ የጻፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከታጁራ በጥቅምት ወር የተነሣው ጭነት ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃና ለረሚንግተን የሚሆን ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ ባሩድና እርሳስ ከአፈሙዝ እየተጠቀጠቀባቸው፣ በመዶሻው ሥር በምትቀመጥ ትንሽ የመዳብ ቆብ የሚተኮሱ፣ አውሮፓ የጣለቻቸው ዕቃዎች ነበሩ። ራምቦ ራሱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጊዜያቸው ካለፈ አርባ ዓመት እንደሆናቸውና በሊዬዥ ወይም በፈረንሳይ በሰባትና በስምንት ፍራንክ የሚገዙት እነዚህ ጠመንጃዎች በሸዋ ወደ አርባ ፍራንክ እንደሚያወጡ ገልጾ ነበር።

ሒሳቡ ግን አልሰመረለትም። ንጉሥ ምኒልክ በዚያ ሰሞን ሐረርን ይዘው፣ ከግብጾች የቀረ የተሻለ መሣሪያ አግኝተው ተመልሰዋል። የጠመንጃ ዋጋ ያውቃሉ፤ የሞተው የራምቦ ሸሪክ የላባቱ ዕዳም በእጃቸው ነበር። በእንጦጦ በተደረገው ድርድር ዋጋው ወረደ፣ ዕዳው ተቀነሰ፣ ክፍያውም በከፊል በሐረር ገዢው በመኮንን ወልደ ሚካኤል በኩል እንዲፈጸም ሆነ። ባለቅኔው ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይዞ ሄደ። ጠመንጃዎቹ ግን ቀሩ። የእያንዳንዳቸው ሰደፍ ከአንድ ባላገር ትከሻ ጋር ሊገናኝ ነው፤ ያ ባላገርም «ይመቸኛል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ አልነበረውም።

*

የአማርኛ የጠመንጃ ስሞች የዚህን ታሪክ መዝገብ ይዘዋል። «ውጅግራ» የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» በኛ አፍ ተገርቶ ነው። «ሰናድር» የእንግሊዞቹ ስናይደር ነው። «ለበን» ሌበል ነው። «ቤልጅግ» የአገሩን ስም ተሸክሞ የመጣው የቤልጅግ ሥራ ነው። «ረሚንግተን» በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት መግቢያ ደግሞ በጉራ፣ ከግብጽ ሠራዊት የተማረከ የአሜሪካ ስም ነው። ፎካሪው በሠርግና በግዳይ ጊዜ የጠራቸው እነዚህ ስሞች በመጀመሪያ በሩቅ አገር ብረት ላይ የተቀረጹ የመሐንዲስ፣ የፋብሪካና የአገር ስሞች ነበሩ። አንድ የአውሮፓ ሠራዊት ጠመንጃውን በአዲስ በለወጠ ቁጥር አሮጌው በቀይ ባሕር ወደብ በኩል ወደ እኛ ይወርዳል፤ አማርኛም አንድ አዲስ ቃል ያገኛል።

ከእነዚህ ሁሉ በሕዝብ መካከል ሥር የሰደደው ውጅግራ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ሲሆን ቁመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። የዓረሩ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ግራም ነው፤ ከኋላው የሚነድደው ጥቁር ባሩድ ከ5 ግራም ያልፋል። በዚያው ዘመን ከተወለደችው የስቲቨንስ ጥይት ዓረር ጋር ቢመዘን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ሲተኮስ ነጭ የጢስ ደመና ያለብሳል፤ ሰደፉም ትከሻን እንደ በቅሎ ይረግጣል። ቁመቱ ለጎልማሳ የፈረንሳይ እግረኛ የተለካ ስለሆነ፣ ገና ያልጠና ወጣት ሲይዘው ሰደፉን በብብቱ ሥር ካላሾለከ በስተቀር ቃታው ላይ ለመድረስ ይቸገራል። ብዙ ሰው ተኩስን የተማረው በእንዲህ ያለ ጠመንጃ ነው።

ከምቱ የሚብስ ሌላ ችግርም ነበር፤ እርሱም ልምምድ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በሃያኛው መጀመሪያ በብዙ የኢትዮጵያ ገበያዎች ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለግል ነበር። የማርያ ትሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ትልቅ ስለሆነ ገበሬው በርበሬና ቅቤ፣ አሞሌና ጥይት ይለዋወጥ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ዒላማ ለመለማመድ አንድ ጥይት መተኮስ ማለት ከዝናር ላይ ገንዘብ አውጥቶ ወደ ገደል መወርወር ነው። ልጁን ተኩስ ሊያስተምር የወደደ አባት በእያንዳንዱ ተኩስ የቤቱን ወጪ ያሰላል። ስለዚህ ልጁ ጠመንጃውን ይወለውላል፣ ይሸከማል፣ ባዶውን ያነጣጥራል፣ ቃታውን በባዶ ይስባል። እውነተኛው ተኩስ በአውሬ ወይም በጠላት ፊት እስኪደርስ ይቆያል። የመጀመሪያው ትምህርትና የመጀመሪያው ፈተና በአንድ ቀን ይገናኛሉ።

ለጀማሪ «የሚመች» ጠመንጃ ሲባል ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ትከሻ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግን ምቾት ግማሹ በጥይቱ ዋጋ ውስጥ እንዳለ ነው። እጅ የሚሠለጥነው በብዙ ተኩስ ነው፤ ብዙ ለመተኮስ ደግሞ የማያሳምምና የማያደኸይ ጥይት ያስፈልጋል።

*

ይህንን ሌሎች አገሮችም የተማሩት በውድ ዋጋ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ ከቦር ገበሬዎች ጋር ሲዋጉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአደን ያደጉት ገበሬዎች ከሠለጠነው ወታደር ይልቅ አነጣጥረው ሲመቱ አዩ። ጦርነቱ ሳያልቅ በ1901 በየመንደሩ በአነስተኛ ጥይት ተኩስ የሚያለማምዱ ክበቦች ማኅበር አቋቋሙ። ሠራዊታቸውም የጦር ጠመንጃዎችን አፈሙዝ እያጠበበ ያችን ትንሽ ጥይት እንዲተኩሱ አደረገ። ወታደሩ የያዘው የጠመንጃው ቅርጽና ክብደት እውነተኛ ነው፤ ምቱና ወጪው ግን የለም።

ከዚህም አልፈው የሊ ኤንፊልድ ጠመንጃቸውን ሰደፍ በልዩ ልዩ ልክ ሠሩት፤ ረጅም፣ መደበኛ፣ አጭር፣ ከአጭርም ያጠረ። የመጨረሻው «ባንታም» ይባላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁመታቸው ከ160 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ሰዎች የተቋቋሙት ሻለቆችም በዚሁ በትንሽ የዶሮ ዝርያ ስም ይጠሩ ነበር። በአንዱ ልክና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ኢንች፣ አንድ ጣት የማይሞላ ነው። መንግሥት ለወታደሩ ክንድ ግማሽ ኢንች ሲጨነቅ ማየት ያስደንቃል። በኛ በኩል ግን ለክንዱ የሚለካ ሰደፍ ሳይሆን ለሰደፉ የሚለካ ክንድ ነበር የሚጠበቀው።

ይህ ሁሉ ሆኖ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነው ሆነ። ልዩ ልዩ አገር የሠራቸውን፣ ልዩ ልዩ ጥይት የሚበሉ በአስር ሺህዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችን የያዘ ሠራዊት አሸነፈ። ለድሉ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከእነርሱ ጥቂቱን ብቻ ይነካል። አንድ ጠመንጃ ብቻ ያለው፣ ከእርሱም ጋር ዕድሜውን የኖረ ሰው፣ የማይመቸውን እንኳ ቢሆን ጠባዩን አጥንቶ ያውቀዋል። ወደ ግራ ይስብ እንደሆነ፣ ከስንት ርምጃ እንደሚያስተማምን፣ ምን ያህል እንደሚመታ ያውቃል። ጥይቱ ጥቂት ስለሆነም ቀርቦ ይተኩሳል። እንዲህ ያለው እውቀት በድህነት የተገኘ ነውና ልናደንቀው እንጂ ልንመኘው አይገባም።

የድህነቱ ዋጋ በአርባ ዓመቱ ታየ። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች ያስተማሩበት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ወጣቶች በሥርዓት፣ በዒላማ ሜዳ፣ ከአስተማሪ ፊት መማር ጀመሩ። ጊዜው ግን አልጠበቃቸውም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወረረ፤ ማይጨው መጋቢት 22 ቀን ተደረገ፤ ትምህርታቸውን ያልጨረሱት ዕጩ መኮንኖች ወደ ጣርማ በር ተላኩ። በየግንባሩ ከዘመናዊው ቤልጅግ አጠገብ ከአያት የተወረሰው ውጅግራ ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። በአምስቱ ዓመት አርበኛው የጣሊያኑን ካርካኖ እየማረከ ታጠቀ። የካርካኖ ዓረር 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ክብደቱ ከውጅግራው ግማሽ ያነሰ፣ ምቱም የለዘበ ነው። የሚመች ጠመንጃ ከጠላት እጅ መጣ።

*

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምኞታችን ቀላል በሆነ ነበር፤ ለጀማሪ ሁሉ ቀላልና የማይመታ ጠመንጃ ይሁንለት ባልን ነበር። ነገር ግን ጠመንጃዎች እየቀለሉ መጡ። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ከአሜሪካ የመጣው ካርባይን ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል አይሞላም። በ1969 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሶቭየት ኅብረት በብዛት የመጣው ክላሽ ቁመቱ 87 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ምቱ ከውጅግራው ምት ጋር አይወዳደርም፤ አጠቃቀሙንም በጥቂት ቀን መማር ይቻላል። ለጀማሪ የምንመኘው ሁሉ በእርሱ ተሟልቷል። የዚያኑ ያህል ለልጅም ተመቸ። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በአፍሪካና በሌላውም ዓለም ሕፃናት በጦርነት የተሰለፉበት ታሪክ ብዙ ምክንያት አለው፤ መሣሪያው ለትንሽ ትከሻ መመቸቱ ግን አንዱ ነው። ረጅሙና ትከሻ የሚሰብረው ውጅግራ፣ ማንም ሳያስበው፣ ልጆችን ከራሱ ያርቅ ነበር። የመንግሥታቱ ድርጅት ሕፃናትን ከጦርነት የሚጠብቀውን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያወጣ፣ ቀድሞ የብረቱ ክብደት ያስከብረው የነበረውን ወሰን በወረቀት መጻፍ ግድ ሆኖበታል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ምንድን ነው? አሠልጣኙ የሚለው እውነት ነው፤ ለጀማሪ ቀላሉ፣ ለስላሳውና ርካሹ ይሻለዋል። ታሪክ በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። መሣሪያው ለትከሻው ከመለካቱ በፊት ትከሻው ለመሣሪያው መድረሱን የሚያይ ሰው መኖር አለበት። ራምቦ ይህን አላየም፤ እርሱ ያየው ፍራንክ ነበር። ከአንኮበር ወርዶ የተበተነው ጭነት በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ፣ የማን ልጅ በስንት ዓመቱ እንደተሸከመው፣ ከደብዳቤዎቹ በአንዱም ውስጥ አናነብም።