የሻይ ቅጠልና የገዢው ዓይን

በአገራችን ቡና የሚገዛ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ፍሬውን በእፍኙ ዘግኖ ይመለከታል፤ የተሰበረውንና የነቀዘውን ይለያል፤ ያሸታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋው ይከራከራል። ይኸው ሰው ሻይ ሊገዛ ሱቅ በገባ ጊዜ ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ይወጣል። ምክንያቱም ሌላ አይደለም፤ የቡናን ነገር ከእናቱ ጓዳ ሲማር፥ የሻይን ነገር የሚያስተምረው ስላላገኘ ነው። ስለዚህ ስለ ሻይ ቅጠል አመራረጥ ጥቂት ከመናገራችን በፊት፥ ቀድመውን የገዙ ሕዝቦች በምን እንደ ተታለሉ ከታሪክ መመልከት ይበጃል ብለን እናምናለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሻይ ትምህርት የተጀመረው በቻይና ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት ሉ ዩ የተባለው ሊቅ ስለ ሻይ ብቻ የሚናገር፥ ዐሥር ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፈ። በዚህም መጽሐፍ ስለ ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ውሃውም አስተማረ፤ የተራራን ውሃ አንደኛ፥ የወንዝን ሁለተኛ፥ የጉድጓድን የመጨረሻ አደረገ። በዚያን ዘመን ሻይ ተወቅጦና እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ይደርቅ ነበር። በ1391 ግን የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሠ ነገሥት ሆንግዉ የሠራተኛውን ሕዝብ ድካም ለማቅለል ሲል፥ ለቤተ መንግሥት የሚገበረው ሻይ ሳይጠፈጠፍ ቅጠሉ እንዳለ እንዲቀርብ አዘዘ። ተጠፍጥፎ የደረቀ ነገር ውስጡ አይታይም፤ ቅጠሉ እንዳለ ሲቀርብ ግን ማየት ለሚያውቅ ሰው ራሱን ይገልጣል።

ሻይ ወደ እንግሊዝ አገር በደረሰ ጊዜ ግን ማየት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ሆነ። ዕቃው ከሩቅ ይመጣል፤ ቀረጡ ከባድ ነው፤ ገዢውም ተክሉን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። በእነዚህ በሦስቱ መካከል ተንኮል በቀለ። ከአጥርና ከዱር የተለቀመ ቅጠል እየደረቀና እየተነከረ ከሻይ ጋር ይደባለቅ፥ አንድ ጊዜ የፈላውም ቅጠል ደርቆ እንደገና ይሸጥ ነበር። በ1725ና በ1777 የሚከለክል ሕግ ቢወጣም ተንኮሉ አልቆመም። በ1784 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ከመቶ 119 ደርሶ የነበረውን ቀረጥ ወደ 12 ተኩል ባወረደው ጊዜ፥ ኮንትሮባንዱ ትርፉን አጥቶ ተዳከመ።

ይሁን እንጂ ቀረጡ ሲቀንስ አለማወቁ አብሮ አልቀነሰም። በ1848 ሮበርት ፎርቹን የተባለው ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ዐዋቂ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተልኮ፥ የቻይናውያንን ልብስ ለብሶ ወደ ሻይ አገር ገባ። በዚያም ለውጭ አገር የሚላከው አረንጓዴ ሻይ በሰማያዊ ቀለምና በጀሶ ሲቀባ አየ፤ የሠራተኞቹ እጅ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እንደ ግምቱ፥ ከዚህ ሻይ መቶ ፓውንድ የጠጣ ሰው ከግማሽ ፓውንድ የሚበልጥ ቀለምና ጀሶ አብሮ ይጠጣል። ቻይናውያን ራሳቸው እንዲህ ያለውን ሻይ አይጠጡትም ነበር፤ የሚቀቡት ባዕዳኑ ገዢዎች ያማረ መልክ ስለሚወዱ ነው። የአገራችን ሰው «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይላል፤ በለንደን ግን መልክ ታጥቦ ተጠጣ።

ሐኪሙ አርተር ሂል ሃሳል ከ1851 እስከ 1854 የልዩ ልዩ ምግብና መጠጥ ናሙና በማይክሮስኮፕ እየመረመረ ጉዱን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። ከዚህ በኋላ በ1860ና በ1875 ሕጎች ወጡ። ሕጉ ሻጩን ቀጣ፤ ተንኮሉን የጠራው ግን መልክን ብቻ የሚያይ የገዢ ዓይን እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

እንግዲህ ጀማሪ ገዢ ምን ያድርግ? አስቀድሞ አረንጓዴውም ጥቁሩም ሻይ ከአንድ ዓይነት ተክል እንደሚገኝና ልዩነቱ በአዘገጃጀት መሆኑን ይወቅ። ሲገዛ ጥቂት ይግዛ። ቅጠሉ መጠኑ የተስተካከለ፥ ዱቄትና እንጨት ያልበዛበት መሆኑን ይይ፤ የእርጥበት ሽታ ካለው ይተወው። ሻይ የጎረቤቱን ሽታ ፈጥኖ ይወስዳልና ከበርበሬና ከሳሙና አጠገብ የተቀመጠውን አይግዛ፤ በቤቱም ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ያኑረው። ፈጥኖ መጥቆሩ የጥራት ምስክር አይደለም፤ የደቀቀ ቅጠል ሁሉ ቀለሙን ቶሎ ይለቃል። በማሸጊያው ላይ «ኦሬንጅ ፔኮ» የሚል ቢያነብ ብርቱካን የገባበት አይምሰለው፤ የቅጠሉን መጠንና ደረጃ የሚያመለክት የንግድ ስም ነው። ጥቁሩን በሚፈላ ውሃ፥ አረንጓዴውን ፍላቱ በረድ ባለ ውሃ ይዘፍዝፍ። የመጀመሪያውን ስኒ ያለ ስኳር፥ ያለ ቀረፋና ያለ ቅርንፉድ ይቅመስ፤ ቅመም ደጉንም ክፉውንም ሻይ አንድ አድርጎ ይሸፍናልና። ቅመሙን የምንነቅፍ አይደለንም፤ ዳኝነቱ ይቅደም ማለታችን ነው።

በአገራችንም በኢሉባቦር በጉማሮ፥ በከፋም በውሽውሽ ሻይ ይለማል። ገበያ ገዢው የጠየቀውን ያቀርባል፤ መልክ ከጠየቅን መልክ፥ ጣዕም ከጠየቅን ጣዕም እናገኛለን። ቡናን ለመለየት ያስተማርነውን ዓይንና አፍንጫ ለሻይም ብናስተምር፥ በደንብ የለቀመና ያዘጋጀ ሠራተኛ ድካሙ ይታወቅለታል፤ የቀላቀለም ሰው የሚሸጥለት አያገኝም።