የሞተር ዘይት «መድኃኒት» እውን ያድናል?

ዘይት ለማስቀየር ጋራዥ የገባ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይቀርብለት አይወጣም። «ትሪትመንት ይጨመርበት?» ይባላል። ትሪትመንት ወይም አዲቲቭ የሚባለው በሞተር ዘይት ላይ የሚጨመር፣ በትንሽ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ የታሸገ ፈሳሽ ነው። መለያው ላይ የተጻፈው ተስፋ ብዙ ነው፤ ጭስ ያጠፋል፣ የሞተር ድምፅ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ያረጀ ሞተር ያድሳል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ያደርጋል ወይ? መልሴን ላስቀድም። ጤነኛ ሞተር ላይ ሲጨመር ጥቅም እንደሚሰጥ በማስረጃ ያስረዳኝ ሻጭ እስካሁን አልገጠመኝም። ያረጀ ሞተር ላይ ደግሞ አንዳንዱ ምልክቱን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ጥያቄው የጥቂት ብር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ናረ። ስለዚህ ዛሬ አሮጌ ኮሮላ ወይም ቪትዝ የያዘ ሰው ያችው መኪና እንድትከርምለት ይፈልጋል። የጠርሙሱ ገበያም የሚደራው በዚህ ጭንቀት ላይ ነው።

ቆሼ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ከ110 በላይ ሰዎች ያለቁበት የቆሻሻ ክምር ናዳ ነው። ሆኖም አካባቢው ከቀለበት መንገዱ ጋር የሚዋሰን፣ ሚኒባስና የጭነት መኪና የማይጠፋበት መተላለፊያም ነው። በዚያ የሚመላለስ መኪና ምን ይገጥመዋል? አቧራ፣ መቆምና መነሳት፣ አጭር ጉዞ፣ ሞተር ሳይጠፋ ሰው መጠበቅ። የመኪና አምራቾች በመመሪያቸው «ከባድ አገልግሎት» የሚሉት ይህንኑ ነው። እንዲህ ለሚሠራ መኪና የሚያዙት ደግሞ ተጨማሪ ጠርሙስ ሳይሆን ዘይቱንና የአየር ፊልትሮውን ከተለመደው ኪሎ ሜትር ቀድሞ መቀየርን ነው። ጀነራል ሞተርስና ሆንዳን የመሳሰሉ አምራቾች በመመሪያቸው ዘይት ላይ ምንም መጨመር እንደማያስፈልግ ይገልጻሉ።

ምክንያቱን ለመረዳት ዘይቱ ውስጥ ያለውን ማወቅ ይጠቅማል። በጋሎን የምንገዛው የሞተር ዘይት ድፍድፍ ተጣርቶ የተገኘ ቅባት ብቻ አይደለም። ከይዘቱ ከአሥር እጅ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሆነው አዲቲቭ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ እንዳይበላ የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ይገባበታል። ቆሻሻ እንዳይጋገር በካልሲየም ወይም በማግኒዥየም የተሠራ ማጽጃ አለው፤ ጥላሸቱን በትኖ ፊልትሮው ድረስ የሚያደርስ ሌላ ኬሚካል አለው፤ አረፋ የሚያጠፋ፣ በሙቀት እንዳይበላሽ የሚከላከል፣ ሲሞቅ ከመጠን በላይ እንዳይቀጥን የሚያደርግም አለው። እነዚህ ሁሉ በላቦራቶሪና በሞተር ላይ አብረው ተፈትነው፣ ተመጣጥነው ነው የሚገቡት። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት (ኤፒአይ) ምልክት፣ ማለትም ጋሎኑ ላይ የምናየው «ኤስኤን» ወይም «ኤስፒ» የሚለው ፊደል፣ ዘይቱ ያንን ፈተና ማለፉን የሚናገር ነው። እርግጥ ምልክቱ የሚታመነው ጋሎኑ ካልተከፈተና ከሚታወቅ ሻጭ ከተገዛ ነው።

ሲበዛ ደግሞ ይጎዳል። ፎስፈረስ ለምሳሌ ከዘይቱ ጋር ተቃጥሎ ሲወጣ በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) ያበላሻል። በዘመናዊ ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ የፎስፈረስ መጠን ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ የተወሰነውም ለዚህ ነው። በጠርሙስ የምንጨምረው ነገር ይህን ልክ አያውቀውም።

ታዲያ «እኔ ጨምሬ ለውጥ አይቻለሁ» የሚለው ሰው ይዋሻል? አይዋሽም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ትሪትመንት አብዛኛውን ጊዜ የሚጨመረው ዘይት በተቀየረበት ቀን ነው። የጠቆረ ዘይት ወጥቶ አዲስ ሲገባ ሞተር ያለ ምንም ጠርሙስም ጸጥ ይላል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ፈሳሾች ዘይቱን የሚያወፍሩ ናቸው። ወፍራም ዘይት በተበላ ብሮንዚና መካከል በቀላሉ ስለማያመልጥ የዘይት ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ኳኳታው ይቀንሳል፣ በፋሻው አልፎ የሚቃጠለውም ያንሳል። ለውጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ10ደብሊው-30 ወደ 20ደብሊው-50 ዘይት በመሻገርም ይገኛል። አዲስ ሞተር ላይ ደግሞ ወፍራም ዘይት ጠዋት ሲነሳ ቶሎ ወደ ቴስታታው አይደርስም።

የሕግ ሰው እንደመሆኔ ከኬሚስትሪው ይልቅ የሚስበኝ የማስረዳት ሸክሙ ነው። ያጸዳል፣ ያድሳል ያለ ያስረዳ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን ጥያቄ ለአምራቾቹ አንድ በአንድ አቅርቦላቸዋል። የኮሚሽኑ አቋም አጭር ነው፤ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ማስረጃው በእጅ መኖር አለበት። ኤስቲፒ የዘይት ፍጆታ ይቀንሳል በሚለው ማስታወቂያው ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1976 በኮሚሽኑ ትእዛዝ ሥር ወደቀ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 500 ሺህ ዶላር ከፈለ፤ ትእዛዙን ጥሰሃል ተብሎም በ1995 እንደገና 888 ሺህ ዶላር ተቀጣ። ቴፍሎን የተባለውን ንጥረ ነገር ይዞ ገበያውን ያጥለቀለቀው ስሊክ 50 በ1996 ተከሰሰ፤ በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ለሸማቾች 10 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ካሳ ተመደበ። ዱራ ሉብ በ2000 ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ትልልቅ ጠበቃና ትልልቅ ላቦራቶሪ መቅጠር የሚችሉ ድርጅቶች ናቸው እንግዲህ።

እኛም ሕጉ አላጣንም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጁን ያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል። ከሁሉም የሚቀድመው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ያረጋግጣል። «ጭስ ያጠፋል» ተብሎ የተሸጠ ነገር ጭስ ካላጠፋ ውሉ የጠየቀው ጥራት ጎደለው ማለት ነው። ችግሩ ያለው ማስረጃው ላይ ነው። የሚሰጠን ደረሰኝ ላይ፣ ያውም ከተሰጠን፣ የሚጻፈው «ዘይት» ብቻ ነው፤ ተስፋው በቃል ይቀራል። ባለሱቁ የገባውን ቃል ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጽፎ እንዲፈርም ብጠይቀው የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ሳቁ ግን ራሱ መረጃ ነው።

ለፍርድ ሚዛን ያህል ጥቂት መልካም ቃል ለጠርሙሶቹ ልተው። የደረቀ የቫልቭ ጎሚኒ ወይም ፓራዮሊ የሚያለሰልሱ ፈሳሾች ትንሽ የዘይት ማንጠብጠብን ለተወሰነ ጊዜ ሊቀንሱ ይችላሉ። ሞተር ለማሳደስ ገንዘብ እያጠራቀመ ያለ የታክሲ ባለቤት ማወፈሪያ ጨምሮ ሁለት ሦስት ወር ቢገፋ አልፈርድበትም፤ የሚገዛው ጊዜ መሆኑን እስካወቀ ድረስ። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዘይቱ ጋር አንድ ላይ መወቀስ የለበትም።

መኪናው ዘይት ከጠጣ ግን ከጠርሙሱ በፊት ምርመራ ይቅደም። አድሮ ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካሳየ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ሙሉ ሞተር ሳይወርድ ይቀየራል። ነዳጅ ሲሰጠው፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ የፋሻ መበላት ይጠረጠራል። ይህን የሚለየው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየሲሊንደሩ ይለካል፤ ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ደግሞ ይለካል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቩን ወይም ጉርኒሲዮኑን ይመልከት። ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ቁጥሮቹንም በወረቀት አስጽፎ መውሰድ ይቻላል።