የቢዜ ፊትና የካርዣ ስቱዲዮ

ኤትየን ካርዣ ፓሪስ ውስጥ ያነሣው፣ በ1875 እ.ኤ.አ. የሚመዘገበው የሙዚቃ ደራሲው የዦርዥ ቢዜ ፎቶግራፍ ጢሙ የሞላ ጎልማሳ ያሳያል። ተመልካች ፊቱ ላይ ሐዘን አያጣም። እኔ ግን ይህ ሐዘን ኋላ የተጨመረ ይመስለኛል፤ ሰውየው በዚያው ዓመት፣ በ36 ዓመቱ እንደሞተ የሚያውቅ ዓይን የሚፈልገውን ማግኘቱ አይቀርም።

ኦፔራዋ «ካርመን» ወደቀች፣ ደራሲዋም በቁጭት ሞተ ይባላል። መዝገቡ ከዚህ ይለያል። ኦፔራዋ በዚያው ዓመት ማርች 3 ቀን በኦፔራ ኮሚክ ቴአትር ተከፈተች። ብዙ ሐያሲያን አብጠለጠሏት፤ የትንባሆ ፋብሪካ ሠራተኛዋ ባለታሪክ መድረክ ላይ መገደሏ ለቤተሰብ ቴአትር አይገባም ተባለ። ሆኖም ቢዜ በሕይወት ሳለ ከ30 ጊዜ በላይ ታይታለች፤ እሱም በዚያው ሰሞን የሌዥዮን ዶኖር ኒሻን ተሰጥቶታል። የጉሮሮ ሕመም ከወጣትነቱ ጀምሮ ይመላለስበት ነበር። በሜይ መጨረሻ ቡዥቫል ወደሚባል ስፍራ ሄዶ ሴን ወንዝ ውስጥ ዋኘ፤ ትኩሳት ያዘው፣ ልቡ ታመመ፣ ጁን 3 ቀን ዐረፈ። ሐዘን ገደለው ለማለት ይህ አያበቃም።

ካርዣስ? ከፎቶግራፍ በፊት በካሪካቸር የታወቀ ሰው ነበር። ገጣሚዎቹን ቦድሌርንና ራምቦንም ያነሣ እሱ ነው። የሌሎች ስቱዲዮዎችን ዓምድና መጋረጃ ትቶ ባለጉዳዩን ባዶ ጀርባ ፊት ያስቀምጥ ነበር። በዚያ ዘመን ብርሃኑ ምስሉን በመስታወት ኔጋቲቩ ላይ እስኪቀርጽ ለሰከንዶች ሳይነቃነቁ መቆየት ግድ ነበርና ፈገግታ ብርቅ ነበር። የቦድሌር ፊትም እንዲሁ ጨፍጋጋ ነው። እንግዲህ ጭፍግግታው በከፊል የስቱዲዮው ነው።

ፍሬም ውስጥ የገባን ቅጂ ለሚመረምር ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የመስታወት ኔጋቲቭ ለዓመታት ደጋግሞ ይታተማል፤ ስለዚህ «1875» የሚለው ጽሑፍ ቢዜ የተነሣበትን እንጂ ወረቀቱ የታተመበትን አይነግርም። «ካርመን» በኦክቶበር 1875 ቪየና ላይ ተወደደች፤ ኦፔራ ኮሚክ መልሶ ያሳያት ግን በ1883 ነው። የደራሲዋን ፊት የሚፈልግ ሰው የበዛው ከዚያ ወዲህ ሊሆን ስለሚችል፣ ቅጂውም ኋላ የታተመ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። በእንቁላል ነጭ የተዘጋጀው ወረቀት እያደር ቢጫ ይሆናል፤ ከእርሳስ ብረት በተሠራ ቅርጽና በቀለም በተበጠበጠ ጄላቲን የታተመው፣ ዉድበሪታይፕ የሚባለው ኅትመት ግን መልኩን ይጠብቃል። የስቱዲዮው አድራሻ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶኑ ጀርባ ስለሆነ፣ ፍሬሙ ሳይፈታ ዘመኑን መወሰን ያስቸግራል።